ክዳኑ የታሸገው ፒካፕ

ኢንስፔክተር ብሩክታይት የጋራዡን በር ገና ሳታልፍ የሟቹን አሟሟት ከሰው አፍ ሰምታ ጨርሳለች። ጭስ አፍኖት ነው አሏት፤ ጎማ ጠጋኙም፣ ባለሱቋም፣ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስም። እሷ ደግሞ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሲናገር መጠራጠር የምትጀምር ሴት ናት።

ጋራዡ ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ብረት በያጆች የተደረደሩበት መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። እሑድ እሑድ ይዘጋል። ባለቤቱ አብዱልሐሚድ ሰዒድ ግን ሠራተኛው በሌለበት ብቻውን መጥቶ ሞተር የማዳመጥ ልማድ ነበረው። በግቢው ጥግ በብሎኬት የተሠራች ጠባብ የመፈተሻ ክፍል አለች። አዲስ የተገጣጠመ ሞተር እዚያ ውስጥ ከብረት ማቆሚያ ጋር ታስሮ ይነሳል፤ ጭሱ በቱቦ አድርጎ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጎረቤት በድምፁ እንዳይማረር በሩ ይዘጋል። የዚያን ዕለት ዘበኛው ጋሽ መኩሪያ አስቀድሰው ሲመለሱ የሞተር ድምፅ የለም። በሩን ከፈት ቢያደርጉ አሠሪያቸው ወለሉ ላይ በጎኑ ወድቋል። ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ቆሟል፤ የጭሱ ቱቦም ከቦታው ወልቆ ተጋድሟል።

ብሩክታይት ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ሟቹ ሃምሳውን ያለፈ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ እጁ የግራሶ እድፍ ያለበት ሰው ነው። ነጭ ኮፍያው ከራሱ ላይ አልወለቀም። ከንፈሩና የጥፍሩ ሥር ቀላ ብሏል። ኮፍያውን አየችው፤ ንጹሕ ነጭ ነው። ተነስታ ከወለቀው ቱቦ ፊት ለፊት ያለውን በኖራ የተቀባ ግድግዳ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጣቷ ላይ ከአቧራ በቀር የተረፈ የለም።

ከሰዓት በኋላ የሟቹ ታናሽ ወንድም ኻሊድ ከመንገድ ፒካፕ እየነዳ ደረሰ። ነገሩን በሩ ላይ ሲሰማ ጮኾ አለቀሰ፤ ሁለት ሰው ደግፎ አስገባው። ትንሽ ሲረጋጋ ግን ኢንስፔክተሯን ፈልጎ አገኛት።

«በእኛ ደንብ ሬሳ አያድርም» አላት። «ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት ብንቀብረው ደስ ይለናል።»

«ይገባኛል። ሐኪም ሳያየው ግን አልሰጣችሁም።»

«ጭስ ነው እኮ የገደለው። ምን የሚታይ አለው?»

ያን ጊዜ ነው የሟቹ ባለቤት ሐሊማ ለለቅሶ ግቢው ውስጥ ከተሰበሰቡት ሴቶች መሃል ቀና ያለችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ተወው ኻሊዴ፣ ይታይ» አለች። «ለእኔም የሆነውን ማወቅ ይሻለኛል።»

ብሩክታይት ኋላ እንደሰማችው፣ አብዱልሐሚድና ሐሊማ ደሴ ላይ በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ነው የወንድማማቾቹ እናትና አባት የሞቱት። ኻሊድ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር። ይዘውት አዲስ አበባ መጡ፤ ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉት፤ ለትምህርት ሰነፍ ቢሆን መሪ አስያዙት፤ አዋቂ ሲሆን የመለዋወጫ ሱቅ ከፈቱለት። ሰፈርተኛው «የሐሊማ የበኩር ልጅ» ነበር የሚለው።

በማግስቱ ብሩክታይት ሰዎቹን አንድ በአንድ ማነጋገር ያዘች። የሚጠረጠሩት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ጋሽ መኩሪያ አሠሪያቸውን ውስጥ ትተው ሲወጡ የግቢውን በር ከውጭ ቆልፈዋል፣ ሲመለሱም እንደተቆለፈ አግኝተውታል። ከሟቹና ከዘበኛው ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሸሪኩ ኢንጂነር ላጲሶና ኻሊድ ብቻ ናቸው። በሩን ሰብሮ ወይም አጥሩን ዘልሎ የገባ የለም።

ላጲሶ ከሲኤምሲ መጣ። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። እሑድ ጠዋት የት እንደነበር ስትጠይቀው፣ ከጉባኤው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በቤተ ክርስቲያናቸው መድረክ ላይ ኪቦርድ ሲጫወት እንደነበር ነገራት። አጣራች፤ ጉባኤው በሙሉ አይቶታል።

ስለ ሥራቸው ሲነግራት ግን ሐዘኑን ለአፍታ ረሳው። እሱና አብዱልሐሚድ የያዙት ጉዳይ አንድ ነበር፤ ዕቃ የሚጭኑ ፒካፖችን ነዳጅ አጠቃቀም ማሻሻል። ባለመኪናው ሁሉ የሚመጣው ትንሽ ሞተር ግጠሙልኝ እያለ ነው። አብዱልሐሚድ እያስቀመጠ ያስረዳዋል፤ ትንሽ ሞተር ከባድ ጭነት ሲሸከም ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ይሄዳል፣ እየጮኸም ከትልቁ የባሰ ይጠጣል። ትልቁ ደግሞ ባዶ ሲሄድ ራሱን ለመሸከም ብቻ ይበላል። ስለዚህ ሞተር የሚመረጠው በትልቅነቱና በትንሽነቱ አይደለም፤ መኪናው ዘወትር የሚጭነውን ጭነት፣ ዘወትር በሚሄድበት ፍጥነት፣ ሳይጨነቅ የሚጎትተው የትኛው ነው ተብሎ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ሳስቶ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ አየር አስገድዶ የሚያስገባለት ተርቦ ያስፈልገዋል። ብዙ አውጥተው አውርደው መካከለኛ የናፍጣ ሞተር መረጡ። ፒስተኑንና ፋሻውን፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት፣ አዲስ አደረጉ፣ የነዳጅ ፖምፓውን አስለኩ፣ ተርቦ ገጠሙ፣ የዲፈረንሻሉንም ጥርስ ከሞተሩ ጋር እንዲስማማ ለወጡ። የመጀመሪያው በኻሊድ ፒካፕ ላይ ተገጠመ። ሁለተኛው የመፈተሻው ክፍል ውስጥ ያለው ነው።

«ታዲያ ዓርብ ለታ ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለችው ብሩክታይት። ጋሽ መኩሪያ የሁለቱ ድምፅ ከፍ ብሎ መስማታቸውን ነግረዋት ነበር።

ላጲሶ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ።

«ውጤቱ ነው» አለ። «ፒካፑ ድሮ ከነጭነቱ በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነበር የሚሄደው። በእኔ ስሌት አዲሱ ሞተር አሥራ ሁለት ያስኬደዋል። ፈተናው ላይ ግን አሥራ ስድስት መጣ። ደጋግመን ሞከርነው፣ ያው አሥራ ስድስት። ዓርብ ለታ 'አብዱ፣ ይሄ ቁጥር አላማረኝም' አልኩት። ተቆጣ። ወንድሜ የነዳውን መኪና ነው የምትጠረጥረው አለኝ። እኔም ተናደድኩ።»

«ፈተናውን እንዴት ነው የምትሠሩት?»

መልሱ ቀላል ነበር። የፒካፑ ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ መንገዱን ራሱን መለኪያ አድርገውታል። በኢምፔሪያል፣ በሲኤምሲና በአያት አድርጎ ሰንዳፋን አልፎ አንድ የታወቀ ድልድይ ድረስ ደርሶ መልስ ነው። ከመነሳቱ በፊት ሰርባቶዮው፣ ማለትም የነዳጅ መያዣው፣ ይደርቅና የተለካ ናፍጣ ይገባበታል። ክዳኑን ላጲሶ በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ያሽገዋል። መኪናው ሲመለስ ማኅተሙን ራሱ ይቆርጥና የተረፈውን ይለካል። ለእሑዱ ፈተናም ቅዳሜ ጠዋት አሽጎት ነበር የሄደው። ዛሬ ሰኞ፣ ይህ ሁሉ መዓት ከወረደ በኋላ፣ እጁ ሥራ ሲፈልግ ማኅተሙን ቆርጦ ለካው። ማኅተሙ አልተነካም። ውጤቱ ዳግመኛ አሥራ ስድስት ነው።

ቀጥሎ የመጣው አቶ አብዲሳ ነው። አትክልትና ሸቀጥ የሚያመላልሱ ብዙ ፒካፖች አሉት፤ የሁሉንም ሞተር በዚህ ለማስቀየር በዚያው ሰኞ ሊፈራረም ነበር። ሰውየው ቶሎ የሚያምን ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ከፈተናዎቹ በአንዱ እሱ ራሱ ከኻሊድ ጎን ተቀምጦ እስከ ድልድዩ ደርሶ መጥቷል።

«የትም አልቆምንም፣ ማደያ አልገባንም» አላት። «ሲታሸግም ሲቆረጥም አጠገቡ ነበርኩ። አሥራ ስድስቱን በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ኻሊድ የነገራት አጭር ነው። እሑድ ማለዳ ጋሽ መኩሪያ በሩን ከፍተውለት ፒካፑን ይዞ ወጣ። ድልድዩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ወንድሙ ጋራዥ መምጣቱን እንኳ ያወቀው ሞቱን ሲሰማ ነው።

«መንገድ ላይ ያየህ ሰው አለ?»

«እሑድ ጠዋት ማን ያየኛል፣ ኢንስፔክተር? ውጤቱን ኢንጂነሩን ጠይቂው። ያልሄደ መኪና ያን ያህል ናፍጣ አይጨርስም።»

እውነቱን ነው፣ አለች በልቧ። ከተለካው ናፍጣ የጎደለው ለዚያ መንገድ በሊትር አሥራ ስድስት ሲታሰብ የሚበቃውን ያህል ነው። ልጁ መንገዱን ካልሄደ ያ ሁሉ ነዳጅ ወዴት ሄደ?

ጋሽ መኩሪያን ስታነጋግር አመሻሽቶ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሽማግሌው ከዘበኛ ቤቱ ጎን የቆመችውን ጄኔሬተር ገመድ ደጋግመው ቢስቡ እምቢ አለቻቸው።

«ምን ነካት ይቺ» አሉ። «ቅዳሜ ማታ መብራት መጥቶ ሳጠፋት በቤንዚን ጢም አድርጌ ሞልቻት ነበር። ማን እንደቀዳብኝ እንጃ።»

«እሑድ ጠፍቶ ነበር መብራት?»

«ኧረ አልጠፋም። ሙሉ ቀን ነበር።»

ብሩክታይት ክዳኑን ከፍታ በስልኳ መብራት አየችው። ውስጡ ደረቅ ነው። ሽማግሌውን ሌላ ምን ያልተለመደ ነገር እንዳዩ ጠየቀቻቸው። አሰብ አድርገው፣ ቅዳሜ ከሰዓት አብዱልሐሚድ ብቻውን ፒካፑ ሥር ገብቶ ረጅም ጊዜ መቆየቱን፣ ኋላም ኻሊድን በስልክ ጠርቶት ሁለቱ ቢሮው ውስጥ በር ዘግተው መነጋገራቸውን ነገሯት። ጩኸት አልሰሙም። ኻሊድ ሲወጣ ግን ሰላምታ አልሰጣቸውም። አብዱልሐሚድም ሲሄድ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ነበር፤ ልቀበልዎት ቢሉት እምቢ አለ።

ብሩክታይት ቀሚስ መልበሷ ግድ ሳይሰጣት ፒካፑ ሥር ተኝታ ገባች። ሆዱ በሙሉ ጭቃ ለብሷል። ከመጫኛው ወለል ሥር ግን፣ ከጎማው ጀርባ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ቦታ ጭቃ የለውም። በማዕዘኖቹ ዙሪያ ቡሎን የተፈታባቸው አራት ቀዳዳዎች ያበራሉ። ከዚያ ወደ ዋናው ሰርባቶዮ የሚሄድ ቀጭን ጎማ አለ፤ ጫፉ በእንጨት ተደፍኗል።

የሐኪሙ ውጤት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሟቹ ደም በካርቦን ሞኖክሳይድ ተሞልቷል፤ አፍንጫውና ጉሮሮው ግን ጥላሸት የለበትም። አስከሬኑ ለቤተሰቡ ተሰጠና ተቀበረ። ብሩክታይት ከቀብሩ መልስ ላጲሶን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ሰውን እንዲህ አድርጎ ይገድላል ወይ ብላ። በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። ናፍጣ ዓይን ያቃጥላል፣ ግድግዳ ያጠቁራል፣ ሰው ሳል በሳል ሆኖ ይወጣል፤ ያንን መርዝ ግን የሚያወጣው በጣም ጥቂት ነው አላት። ሳያሸት ሳያስታውቅ የሚገድለው የቤንዚን ሞተር ነው።

ከዚያ ወደ ሐሊማ ቤት ሄደች። ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶት ነበርና ሐሊማ ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

«ቅዳሜ ባለቤትዎ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያመጡት ነገር አለ» አለቻት። «ልየው።»

ሐሊማ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ጎተተችው። ከላሜራ የተበየደ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው፤ በአንድ ጎኑ የጎማ መግጠሚያ አለው። ሲነቀነቅ ውስጡ ይንቦጫቦጫል። የናፍጣ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ምን እንደሆነ አላውቅም» አለች። «እስከ ሰኞ ማንም እንዳያየው ብሎኝ ነበር። ማንም ነው ያለኝ።»

ብሩክታይት ተጨማሪ አልጠየቀቻትም። ይህች ሴት ያቀበለቻት ነገር ምን እንደሆነ እንደማታውቅ ገብቷታል። ሳጥኑን መልሳ ጠቅልላ ወጣች።

በበነጋው ላጲሶ ሰርባቶዮውን አድርቆ፣ ለክቶ ሞልቶ አሸገው። ያንኑ ጭነት ጫኑ። መሪውን አንድ ፖሊስ ያዘ፤ አብዲሳና ላጲሶ አብረው ተቀመጡ፤ ድልድዩ ድረስ ሄደው መጡ። ማኅተሙ ሲቆረጥ ላጲሶ ለካ፣ ደግሞ ለካ፤ ከዚያም መለኪያውን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አሥራ ሁለት ነበር።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ብሩክታይት ሁሉንም ጋራዡ ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሐሊማ ነጠላዋን አጣፍታ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ኻሊድ ከጀርባዋ እጁን በወንበሩ ላይ አድርጎ ቆመ። አብዲሳና ላጲሶ ፒካፑን ተደገፉ። ጋሽ መኩሪያ እሷ እስክትለምናቸው አልተቀመጡም።

«በዚህ ክፍል ጭስ ሰው ገድሏል» ብላ ጀመረች። «የገደለው ግን የዚህ ሞተር ጭስ አይደለም። ቱቦው የወለቀው ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቢሆን ኖሮ ይሄ ነጭ ግድግዳ ይጠቁር ነበር። የሟቹም ኮፍያ ይጠቁር ነበር። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ስለዚህ ቱቦው የወለቀው ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት አብዱልሐሚድ ሞቷል። ያወለቀው ሌላ ሰው ነው፤ አደጋ እንዲመስል።»

ከዘበኛ ቤቱ ጎን ወዳለው ጄኔሬተር ዞረች።

«የሟቹ ደም ውስጥ የተገኘው መርዝ የቤንዚን ሞተር የሚተፋው ነው። በዚህ ግቢ ያለው የቤንዚን ሞተር አንድ ብቻ ነው። ጋሽ መኩሪያ ቅዳሜ የሞሉት ጄኔሬተር መብራት ባልጠፋበት እሑድ ባዶ ሆነ። ገዳዩ ጄኔሬተሩን ከክፍሉ ጀርባ አቁሞ ጭሱን በግድግዳው ቀዳዳ፣ በቱቦው ዙሪያ ባለው ክፍተት፣ አስገባው። ውስጥ ያለው ሞተር ስለሚጮህ ሟቹ አልሰማም። ሽታው ብዙ ስላልነበረ አልነቃም። ሁሉ ሲያልቅ ሰውየው ጄኔሬተሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ ቱቦውን አወለቀ፣ የግቢውን በር ቆልፎ ወጣ።»

«ማን?» አለ አብዲሳ።

«ቁልፍ ያለው ሰው። ጋሽ መኩሪያ ቅዳሴ ላይ ነበሩ፣ አጠገባቸው የቆሙት ሰዎች መስክረውልኛል። ኢንጂነር ላጲሶ መድረክ ላይ ነበር። የቀረው አንድ ቁልፍ ነው፤ የእሱ ባለቤት ደግሞ ሰንዳፋ መንገድ ላይ ነበርኩ ይላል። ምስክሩ ናፍጣው ነው።»

ኻሊድ እጁን ከወንበሩ ላይ አነሳ።

ብሩክታይት ብርድ ልብሱን ከፍታ ሳጥኑን ፒካፑ ፊት አስቀመጠችው። አብዲሳን እያየች ቀጠለች።

«ይህ ድብቅ ሰርባቶዮ ነው። እዚህ መኪና ሆድ ሥር ታስሮ ነበር። እርስዎ ተቀምጠው በሄዱ ጊዜ ክዳኑ ታሽጓል፣ ማደያ አልገባችሁም፤ መኪናው ግን ከዚህም ጭምር እየጠጣ ነበር። ላጲሶ የሚለካው ዋናውን ብቻ ስለሆነ ሞተሩ አሥራ ስድስት የሄደ መሰለ። ያለዚህ ሳጥን የሚሄደው አሥራ ሁለት ነው፤ ትናንት አይታችኋል። አብዱልሐሚድ ቅዳሜ ይህን ፈትቶ አወጣው፤ ቤቱም ወሰደው። እንግዲህ አስቡት። እሑድ መኪናው ላይ ሳጥኑ የለም። ክዳኑ ታሽጓል፣ ማኅተሙም አልተነካም። ሆኖም ውጤቱ አሥራ ስድስት መጣ። መኪናው መንገዱን በሙሉ ቢሄድ ኖሮ ከዚያ የበለጠ ናፍጣ ይጎድል ነበር። ያልጎደለው ድልድዩ ጋ ስላልደረሰ ነው። ኻሊድ ማለዳ ወጣ፣ ጋሽ መኩሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን እስኪሄዱ ጠበቀ፣ ተመለሰ። ሥራውን ጨርሶ ወደ ሰንዳፋ ወጣ፤ ቁጥሩ የተለመደው ሆኖ እንዲመጣ ግን ከመንገድ ቀድሞ ተመለሰ። ውሉ እንዳይፈርስ አሥራ ስድስቱን ጠበቀው። ያ አሥራ ስድስት ነው ያጋለጠው።»

«ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ያሰረው» አለ ኻሊድ። ድምፁ ግን ራሱንም ያሳመነው አይመስልም። «እኔ ሳጥን የሚባል አላየሁም። አላውቀውም።»

ሐሊማ ዞር ሳትል ተናገረች።

«በለቅሶው የመጀመሪያ ቀን ጠየቅኸኝ» አለች። «ጋሼ አብዱ ቅዳሜ ቤት ያመጣው ዕቃ አለ ወይ አልከኝ። ማስታወሻ የሚሆንህን ነገር የምትፈልግ መስሎኝ አዘንኩልህ። የለም ያልኩህ እሱ ማንም እንዳያይ ስላለኝ ነው።»

ፖሊሶቹ ሲጠጉት ኻሊድ አልታገለም። ቀስ በቀስ፣ እየቆረጠ እየቀጠለ ነገራቸው። ሞተሩ ገና ሳይገጠም ለአብዲሳ አሥራ ስድስት ይሄዳል ብሎ ፎክሮ ነበር። አብዲሳም እንደተባለው ከሆነ የጋራዡን አዲስ ቅርንጫፍ ገርጂ ላይ በገንዘቤ አስከፍትሃለሁ፣ አንተ ትመራዋለህ አለው። ዕድሜ ልኩን የአብዱልሐሚድ ወንድም ከመባል በቀር ስም አልነበረውም። ብቻውን ባደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አሥራ ሁለት ሲመጣ ለማንም ሳይናገር ሳጥኑን አሰረ። ቅዳሜ ወንድሙ ጠርቶ ሲያሳየው አልሰደበውም፣ አልመታውም። በራስህ አፍ ለአብዲሳና ለላጲሶ ንገራቸው፣ ሰኞ ድረስ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ አለው።

«አንድ ዕድል ስጠኝ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ ኻሊድ፣ ሐሊማን እያየ። «እትዬ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ነው የለመንኩት።»

«ሰጥቶሃል» አለች ሐሊማ። «እሑድን ነው የሰጠህ። ቅዳሜ ማታ ምግብ አልበላም። ምን ሆንክ ስለው ልጁ አጥፍቷል፣ ግን እስከ ነገ ወዲያ ራሱ ያስተካክለዋል አለኝ። ያመነህ ሰው ነው እሑድ ጠዋት እዚያ ክፍል ገብቶ በሩን የዘጋው።»

አብዲሳ ባርኔጣውን አውልቆ እጁ ላይ ያገላብጥ ነበር።

«የእኔ መኪኖች ዘጠኝ ነው የሚሄዱት» አለ፣ ለማንም እንዳልተናገረ። «አሥራ ሁለት ቢሉኝም እፈርም ነበር። በደስታ ነበር የምፈርመው።»

ኻሊድ ይህን ሲሰማ ነው ያለቀሰው። እሑድ በሩ ላይ እንዳለቀሰው አልነበረም፤ ድምፅ የለውም። ይዘውት ሲወጡ ላጲሶ መንገድ ለቀቀለት፣ ጋሽ መኩሪያ በሩን ከፈቱለት። ሐሊማ ከወንበሯ አልተነሳችም።

ጊዜ አለፈ። አብዲሳና ላጲሶ በአሥራ ሁለቱ ተፈራረሙ፤ የሞተሩ ሥራ በሐሊማና በልጆቿ ስም ቀጠለ። ብሩክታይት ሌሎች መዝገቦች ያዘች። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከጣቢያው ስትወጣ፣ ለእስረኛ ስንቅ የሚያቀብሉ ሰዎች ሰልፍ ውስጥ ጥቁር የለበሰች ሴት አየች። ሐሊማ ናት። በፌስታል የተጠቀለለ ምሳ ዕቃ ይዛለች። ብሩክታይት ቀርባ ሰላም አለቻት፤ ምሳ ዕቃውንም አየችው።

«ለእሱ ነው?»

«ለእሱ ነው። ሌላ ማን አለው?»

«ገብተው ሊያዩት ይችላሉ። እኔ እነግርልዎታለሁ።»

«አይ» አለች ሐሊማ። «አብዱ ያሳደገው ልጅ ነው፣ ይራብ አልልም። ዓይኑን ማየት ግን አልችልም።»

ተራዋ ደረሰ። ዘብ ላይ ያለው ፖሊስ ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ከፈተ፣ እሷንም አስቀምሶ ዘጋው። ትናንት የመጣውን ባዶ ዕቃ መለሰላት፤ ታጥቦ ነበር። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ፣ ልጁ በየቀኑ ገብታ ታየኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ ይለኛል አላት። ሐሊማ ባዶውን ዕቃ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችና ቋጠረችው።

«መጥታ ሄደች በለው» አለችና ወደ ኢምፔሪያል የሚሄደውን ታክሲ ለመያዝ መንገዱን ተሻገረች።